የመድረክ ቪዲዮአችንን ያለ ይሉኝታ ገምግሙልኝ

ባለኪቦርዱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ከባንዱ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር የምስማማው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ኤዲቲንጉ እኔው ላይ ወደቀ። 6 ደቂቃ የሚሆን አንድ ዘፈን ነው። አንዱ ካሜራ አዳራሹ መጨረሻ ላይ በትራይፖድ ቆሟል፤ ከመድረኩ 30 ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለተኛውን ጓደኛችን በእጁ ይዞ ከፊት ለፊት ሲዞር ነበር። ሦስተኛው ድራሙ አጠገብ ያሰርኩት ስልክ ነው። ዋናውን ድምፅ ከሚክሰሩ (የመድረኩ ማይኮች ድምፅ ከሚቀላቀልበት መሣሪያ) ወሰድኩና የየካሜራውን ድምፅ ከእሱ ጋር አገጠምኩ። ችግሩ፣ በሩቁ ካሜራ ሲታይ የድራመሩ ዱላ ቀድሞ ያርፍና ድምፁ ይከተላል። ስልኩ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ ይንሸራተታል። ሁለት ሌሊት ታገልኩት። ካሜራዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ይሆን? ሌላም ያያችሁትን ንገሩኝ፤ አልቀየምም።

የድምፅ ሰው፦
ካሜራዎቹን ተዋቸው፣ ምንም አላጠፉም። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ 30 ሜትር ለመድረስ 87 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የሩቁ ካሜራ ማይክ ዘግይቶ ሰማ፣ ዓይኑ ግን አልዘገየም። አንተ የዘገየውን ድምፅ ከሚክሰሩ ጋር ስታገጥም ምስሉ አብሮ ተጎትቶ ቀደመ። የቀረጽከው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፤ የዚያን ካሜራ ምስል 2 ፍሬም አዘግየው። ድምፁን ግን ካገጠምክበት አታንቀሳቅሰው፣ ምክንያቱም ያስፈልግሃል፦ የሚክሰር ድምፅ ብቻውን ደረቅ ነው፣ ጭብጨባው የት ሄደ? የአዳራሹን ድምፅ ዝቅ አድርገህ ከሥር አስገባው። ስልክ ብዙ ጊዜ የፍሬም ፍጥነቱ እየዋለለ ነው የሚቀርጸው፤ ኤዲቲንግ ውስጥ ሳታስገባው በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት ቀይረው።

ጡረተኛው ድራመር፦
እኔ ስለ ፍሬም አላውቅም። 3፡10 ላይ ሳክስፎኑ ሶሎ ሲጀምር ምን እያሳየኸን ነው? የኪቦርድ ጣቶች! ድራመሩ ሮል (ፈጣን ተከታታይ ምት) አድርጎ ወደ አዝማቹ ሲመልሳችሁስ? አሁንም ኪቦርድ! ልጄ፣ ኪቦርዲስት መሆንህን ባትጽፈውም ቪዲዮው ይናገር ነበር። ደግሞ ዘፈኑ ዝግ ያለ ነው፤ አንተ ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ትቆርጣለህ። ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስባ ዓይኗን ስትጨፍን፣ እዚያች ላይ ትንሽ ልቆይ ስል ወሰድክብኝ።

ብርሃን አሳዳጅ፦
የእጅ ካሜራው አውቶ (ራሱ የሚያስተካክልበት) ላይ ነበር አይደል? መብራቱ ከሰማያዊ ወደ ቀይ በዞረ ቁጥር የድምፃዊቷ ፊት አንዴ ይነጣል አንዴ ይጨልማል። ለሚቀጥለው ኤክስፖዠሩንም (የብርሃን መጠኑን) ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ሚዛኑን) ቆልፉት። በቀይ ኤልኢዲ መብራት የተቃጠለ ፊት በከለር ግሬዲንግ (ከቀረጻ በኋላ ቀለም በማስተካከል) አይመለስም፣ አትድከም።

ባለኪቦርዱ፦
2 ፍሬም አዘገየሁት፤ ዱላውና ድምፁ ገጠሙ! ስልኩም አደብ ገዛ። ጋሼ፣ ሾቶቹን ቆጠርኳቸው፤ ከ131ዱ 43ቱ እኔ ነኝ። አፈርኩ። አሁን የቸገረኝ ሳክስፎኑ ነው። ለሶሎው በቅርብ የተቀረጸ ያለኝ አንድ ሾት ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የማይክ ማቆሚያው ፊቱን ጋርዶታል። 40 ሰከንዱን በምን ልሙላው?

ብርሃን አሳዳጅ፦
በ4ኬ ቀርጸህ በ1080 የምታወጣው ከሆነ ሾቱን እጥፍ አሳድገህ ጣቶቹን ብቻ አሳይ። 4ኬ በወርድም በቁመትም የ1080 እጥፍ ስለሆነ አይደበዝዝም።

ጡረተኛው ድራመር፦
በሰፊው ሾት ጀምርና 15 ሰከንድ አትንካው፤ ሲነፋ ትከሻው ከፍ ሲል ከሩቅም ይታያል። ከዚያ ጣቶቹ። 3፡31 ላይ ደግሞ ቤዝ ተጫዋቹ ዞሮ እያየው ይስቃል፤ እሱን ካላስገባህማ ምኑን ቀረጽከው? ኪቦርድ ግን የለም።