በውጭ ሀገር በተሰጠ ውክልና አዲስ አበባ ቤት ስለ መግዛት

ጥያቄ፦
የምኖረው አሜሪካ ሲሆን የሀገሩን ዜግነት ወስጃለሁ፤ የኢትዮጵያ ተወላጅነት መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ኮንዶሚኒየም ለመግዛት ስላሰብኩ ለእህቴ ውክልና ልልክላት ነው። ወዳጄ የሰጠኝ ረቂቅ «በሀገር ቤት ያለኝን ንብረት ሁሉ እንድታስተዳድር፣ እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ» ይላል። ይህ ለግዢ ይበቃል? ቆንስላው ማኅተም ካሳረፈበት በኋላስ የሚቀር ነገር አለ?

መልስ፣ ከጠበቃ፦
ረቂቁ የማያስፈልግዎትን ሥልጣን ሰጥቶ የሚያስፈልግዎትን ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2203 እንደሚደነግገው በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ልዩ ውክልና ደግሞ፣ በቁጥር 2206 መሠረት፣ በውስጡ ለተገለጹት ጉዳዮችና ለእነርሱ ተከታታይ ለሆኑት ብቻ ያገለግላል። ስለዚህ እህትዎ ቤቱን በእርስዎ ስም እንዲገዙ፣ የሽያጩን ውል እንዲፈርሙ፣ ዋጋውን፣ ግብሩንና ቀረጡን እንዲከፍሉ፣ ስመ ሀብቱን በስምዎ እንዲያዛውሩና ካርታውን እንዲረከቡ አንድ በአንድ ያስጽፉ። «በስሜ» የሚለው ቃል ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱ ባለመጻፉ ካርታው በወኪሉ ስም ወጥቶ ዘመዳሞች ፍርድ ቤት የቆሙባቸው ጉዳዮች ጥቂት አይደሉም። መሸጥንና በመያዣ ማስያዝን ያስወጡ፤ እህትዎን መጠርጠር ሳይሆን፣ ለግዢ የማይፈለግ ሥልጣን ወረቀቱ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ስለሌለ ነው። የቢጫ ካርዱም ቁጥር ይጠቀስ፤ የውጭ ዜጋ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን የሚከለክለው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 በካርዱ ባለቤት ላይ ተፈጻሚ እንዳይሆን ያደረገው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው።

መልስ፣ ከዋሽንግተን ነዋሪ፦
የቆንስላው ማኅተም መጨረሻ አይደለም። ዋናው ሰነድ አዲስ አበባ ሲደርስ እህትዎ መጀመሪያ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡታል፤ ቀጥሎ ለሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ያቀርቡታል። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ለዚህ አይሆንም። ቆንስላው ዘንድ ቀርበው መፈረም ካልቻሉና በኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ በሚያረጋግጥ ባለሥልጣን፣ ፊት ከፈረሙ፣ የግዛቱና የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ከኤምባሲው መቅደም አለበት። ስምዎ በፓስፖርቱ፣ በቢጫ ካርዱና በውክልናው ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሻጩ ቤቱ በዕጣ ከደረሳቸው ገና 3 ዓመታቸው ነው። ደላላው «ሻጩ ለእህትዎ የመሸጥ ውክልና ይሰጣሉ፤ ስሙ በኋላ ይዞራል» ይላል። ይህስ እንዴት ይታያል?

መልስ፣ ከጠበቃ፦
ይህንን አይቀበሉ። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው በሽያጭ እንዳይተላለፍ ገደብ ስላለበት ነው ደላላው በውክልና በኩል መንገድ የፈለገው። ገንዘብዎን ሰጥተው በእጅዎ የሚቀረው ውክልና ብቻ ነው። ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2226 ይፈቅዳል፤ በቁጥር 2232 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ቀሪ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚገጥምዎት ሻጩ ሳይሆኑ ወራሾቻቸው ናቸው። ገደቡ ያለፈ ቤት ይፈልጉ። የሻጩ የትዳር ሁኔታም ይጣራ፤ ያገቡ ከሆነ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 ይከለክላል።

መልስ፣ ከቀድሞ የባንክ ሠራተኛ፦
ስለ ክፍያው አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘቡን በእርስዎ ስም በተከፈተ ሒሳብ በባንክ በኩል ያስገቡ፤ እህትዎም ከሒሳቡ እንዲያወጡ ውክልናው በግልጽ ይፍቀድላቸው። የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ቀብድ እንኳ አይከፈል፤ ዋናው ክፍያ ደግሞ በሻጩ ስም በተዘጋጀ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ሆኖ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሲፈረም ይሰጥ። የሲፒኦው ቁጥር በውሉ ውስጥ ከተጻፈ በኋላ ማን ለማን ስንት እንደከፈለ አያከራክርም።