በሚያዝያ 27 የወደቁ አባቶችን ማሰብ፦ ድሬዳዋ ላይ እንዴት እናሰናዳው?

ሰንበቴ ዘከዚራ

ሰላም ለሁላችሁም። የሰንበቴ ማኅበራችንና የሰፈሩ ዕድር በመጪው ሚያዝያ 27 ቀን 2018 ዓ.ም. በ1928ቱ ጦርነትና በአምስቱ የወረራ ዓመታት ከድሬዳዋና ከሐረር አካባቢ ወጥተው ለወደቁ አባቶችና እናቶች መታሰቢያ ለማድረግ ተነጋግረናል። ጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ በአዳራሽ አጭር መርሐ ግብር፣ ቀጥሎ ንፍሮና ዳቦ አስበናል። ወደ 200 ሰው እንጠብቃለን።

የከበዱን ነገሮች እነዚህ ናቸው። ከትንሣኤ በኋላ ባለው በሃምሳው ቀን ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል ወይ? የብዙዎቹን የክርስትና ስም አናውቅም፤ ምን ይደረጋል? ከቤተሰቦቻቸው መካከል ሙስሊምም ፕሮቴስታንትም አሉ፤ ማንንም ሳናስቀይም እንዴት አብረን እንዋል? ወጣቶቹ ደግሞ «ክርስቲያን ጦርነትን ማክበር አለበት ወይ?» ብለው አጥብቀው ይጠይቃሉ። ቀላል ጥያቄ አይደለምና የምታውቁ መልሱልን።

መሪጌታ ዘድሬ

እግዚአብሔር ሐሳባችሁን ይፈጽምላችሁ። ከቀኑ ልጀምር፤ ብዙ መርሐ ግብር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነውና። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በታች፣ ከሚያዝያ 30 በላይ አይውልም። ስለዚህ ሚያዝያ 27 በአንዳንድ ዓመት ሰሞነ ሕማማት ውስጥ ይገባል፣ በብዙው ዓመት ደግሞ በሃምሳው ቀን ውስጥ ይውላል። በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤው ራሱ ሚያዝያ 27 ነበር። በሰሞነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም፤ የሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየውም ለዚህ ነው። በ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ስለሚውል 27 ማክሰኞ ነው፣ በሃምሳው ቀን መካከል። ፍትሐቱን የሚከለክል የለም፤ የሌለው ጾምና ስግደት ነው። ቅዳሴውም ጠዋት ስለሚሆን ፍትሐቱን ከቅዳሴ አያይዛችሁ ፀሐይ ሳይበረታ መጨረስ ትችላላችሁ።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። በየወሩ 27 የመድኃኔ ዓለም መታሰቢያ ነው፤ በስሙ በተተከሉት አጥቢያዎች ካህናቱ ሥራ ይበዛባቸዋልና ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት አስተዳዳሪውን አነጋግሩ። ርክበ ካህናት ደግሞ በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 28 ይውላል። ብፁዓን አባቶች ለቅዱስ ሲኖዶስ ጉባኤ አዲስ አበባ የሚሰበሰቡበት ጊዜ ስለሆነ ሊቀ ጳጳሱ እንዲገኙላችሁ ካሰባችሁ ሌላ ቀን መምረጥ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በየመታሰቢያው ሰማዕታትና በጦርነት የወደቁ ወታደሮች ተደባልቀው ይጠራሉ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ግን የሚደረግላቸው ይለያያል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደሉትን አቡነ ጴጥሮስን ቤተ ክርስቲያን በሰማዕትነት ታስባቸዋለች፤ በረከታቸውን እንለምናለን እንጂ ነፍስ ይማር አንልላቸውም። ለሀገሩ ሲዋጋ የወደቀ ሰው ግን እንደማንኛችንም ኃጢአቱ እንዲሰረይለት ይጸለይለታል። በጦር ሜዳ የሰው ደም ያፈሰሰ ወታደር ጸሎታችን ከማንም በላይ ያስፈልገዋል፣ ይህን ማለትም ክብሩን አይቀንሰውም። እንዲያውም ትልቁ ውለታችን ይኸው ነው፤ ሐውልቱንና ሰልፉን መንግሥትም ያደርገዋል፣ በክርስትና ስሙ በመሠዊያው ፊት የሚጠራው ግን እኛ ካልጠራነው ማንም የለም።

ለወጣቶቹ 2ኛ ሳሙኤል 23፥13-17ን አንብቡላቸው። ዳዊት ከቤተልሔም ጉድጓድ ውኃ ተመኘ፤ ሦስቱ ኃያላን የፍልስጥኤማውያንን ሰፈር ሰንጥቀው አመጡለት። አልጠጣም። በነፍሳቸው የደፈሩ የእነዚያ ሰዎች ደም ነው ብሎ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው። ታማኝነታቸውን አከበረ፣ መሥዋዕታቸውን ግን ለራሱ ጥም ማርኪያ አላደረገውም። ክርስቲያን የሚያከብረው ጦርነቱን አይደለም፤ ነፍሱን ለሌላው የሰጠውን ሰው ነው። ልዩነቱ በመድረክ ላይ በሚነገረው ይታያል፦ ስለ ገዳይነት ብዛት ከተወራ፣ በወደቁት ሰዎች ስም ዛሬ ሌላ ጎረቤት ከተሰደበ፣ ውኃው ተጠጣ ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለምነዋል። በየካቲት 12 ጭፍጨፋ ወገኑ ያለቀበት፣ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ የተረሸኑበት ሕዝብ ነው ይህን የሰማው። የዕለቱን ታሪክ የሚያነበው ሰው ይህን አይዝለለው።

ፉከራና ቀረርቶ ካለ ከቅጥሩ ውጭ ይሁን።

የታሪክ መዝገብ

ስለ ስሞቹ እኔ ልመልስ። መሪጌታ እንዳሉት ዋናው ሥራ ስም ነውና አሁኑኑ ጀምሩ፤ ሁለት ወር ይፈጃል። አንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ሰው ስም እስከ አያት፣ የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ ማዕረግ፣ የወደቀበት ቦታ፣ ወርና ዓመት፣ ቃሉን የሰጠው ሰውና ዝምድናው ይጻፍ። የመጨረሻው ዓምድ ካልተሞላ ከሦስት ዓመት በኋላ ክርክር ሲነሣ መልስ አይኖራችሁም።

የክርስትና ስም የሚገኘው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቤተሰቡ ያስቀመጠው ዳዊት ወይም ሌላ የጸሎት መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ፤ የድሮ ሰዎች ልደትና ዕረፍት እዚያ ይጽፉ ነበር። ሁለተኛ፣ ሟቹ በነበረበት የጽዋ ማኅበር። ሦስተኛ፣ ተዝካሩን ካወጣው ወገን፤ ፍትሐቱ የተደረገው በክርስትና ስም ስለሆነ የሚያስታውስ አይጠፋም። ካልተገኘ ካልተገኘ ነው። በዓለም ስሙ አስመዝግቡት፣ ካህናቱ ከሌሎቹ ጋር ያስቡታል። ከግምት ተነሥታችሁ «ኃይለ ሚካኤል ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ አትስጡ። ዝርዝሩ ከሳምንት በፊት በትልልቅ ፊደል፣ በአንድ ወገን ብቻ ተጽፎ ይድረሳቸው፤ ስልክ ላይ የተላከ ፎቶ መቅደስ ውስጥ አይነበብም።

ስሕተት የሚበዛባቸውን ልንገራችሁ። አንድ አርበኛ በፈረስ ስሙና በራሱ ስም ሁለቴ ይመዘገባል፤ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» እንደሚባሉት ሁሉ «አባ እገሌ» ተብሎ ብቻ የሚታወስ ብዙ ሰው አለ። ማዕረግም ያሳስታል፦ አንዱ ልጅ ግራዝማች ይላል፣ ሌላው ፊታውራሪ ይላል፣ ሰውዬው አንድ ነው። ዘመኑም እንደዚሁ። ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳ ዓመት ሁልጊዜ 8 አይቀነስለትም፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ልዩነቱ 7 ነው። ግራዝማች አፈወርቅ ኦጋዴን ውስጥ ቆራሄ ላይ ቆስለው የሞቱበት ጥቅምት 1928 በፈረንጁ 1935 ነው፤ 8 የቀነሰ ሰው 1927 ላይ ይጥላቸዋል፣ ያኔ ደግሞ ጦርነቱ አልተጀመረም።

ሴቶችን አትርሱ። ስንቅ ይዘው የዘመቱ፣ ቁስለኛ ያስታመሙ፣ መልእክት ያደረሱ እናቶች «የእገሌ ሚስት» ተብለው ነው የሚነገሩት። በራሳቸው ስም ይጻፉ። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበርንም ጠይቁ፣ ነገር ግን የእነሱ ዝርዝር በሕይወት ተርፈው የተመዘገቡትን ይበልጥ ያሳያል፤ በጦር ሜዳ የቀረው የሚገኘው ከቤተሰብ አፍ ነው።

ገንደ ቆሬ

የወንጌላውያን አማኝ እንደመሆኔ ከእኛ ወገን የሚመጡት ምን እንደሚሰማቸው ልግለጽ። ለሙታን አንጸልይም፤ ስለዚህ ፍትሐቱ ላይ ቁሙ ተብለው ባይጋበዙ መልካም ነው። መጥተው በአክብሮት ቢቆሙ ግን እሰዬው። የአዳራሹ ክፍል የሁሉም ሊሆን ይችላል። እዚያ እግዚአብሔርን ስለ ሕይወታቸው ማመስገን፣ ያለ አባት ላደጉት ልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው መጸለይ፣ ኢያሱ ምዕራፍ 4ን ማንበብ ይቻላል። ከዮርዳኖስ የወጡት አሥራ ሁለት ድንጋዮች የተተከሉት ልጆች «ምንድር ናቸው?» ብለው እንዲጠይቁ ነው፤ ስለዚህ በመርሐ ግብሩ ላይ ልጆች ጠያቂዎች፣ አረጋውያን መላሾች ይሁኑ። ከንግግር ሁሉ ይሻላል።

ዮሐንስ 15፥13ን ስታነቡ ተጠንቀቁ። ጌታ ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለመስጠት ሲናገር ከፊቱ ያለው መስቀሉ ነው። የወታደሩ ሞት የዚያ ፍቅር ጥላ አለበት ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ሰው በጦር ሜዳ በመሞቱ ብቻ ዳነ የሚል መልእክት ከመድረኩ እንዳይወጣ። በዚህ ላይ ከመሪጌታ ጋር የምንስማማ ይመስለኛል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ መዝሙረ ዳዊት በጋራ የምታነቡ ከሆነ ቁጥር ብቻ አትጻፉ። የኦርቶዶክሱ ዳዊት ላይ 45 የሆነው በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 46 ነው። «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» ብላችሁ መጀመሪያውን ጻፉት፣ አለበለዚያ ግማሹ ሰው ሌላ መዝሙር ያነባል።

የመጋላዋ

ስለ ምግቡና ስለ ጎረቤቶቻችን። ሥጋ ጭራሽ አታስገቡ፤ የእርድ ጥያቄ ሳይነሣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ለ200 ሰው 12 ኪሎ ስንዴ፣ 4 ኪሎ ሽምብራና 3 ኪሎ ባቄላ ይበቃል። ሦስቱም ለየብቻ ይዘፍዘፉ፣ ለየብቻም ይቀቀሉ፤ አብረው ከገቡ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይፈርሳል። በድሬ ሙቀት ማታ የተዘፈዘፈ ሽምብራ እስኪነጋ አረፋ ያወጣል፣ ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ውኃውን ለውጡ። ከበሰለ በኋላ ውኃው በደንብ ይጠንፈፍና ንፍሮው በሰፊ ትሪ ላይ ይበተን። ትኩሱን ፌስታል ወይም ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ካፈናችሁት በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ይኮመጥጣል፣ ይሄ በየዝክሩ የሚደጋገም ነው። ጨው መጨረሻ ላይ። ጠላውን ለማኅበሩ ቤት አቆዩት፤ አዳራሹ ውስጥ ውኃና ሻይ፣ ከተቻለ ተምር ይጨመር።

ሰዓቱን እንዲህ አድርጉት፦ ፍትሐቱ እስከ 3 ሰዓት ይለቅ፣ አዳራሹ 3 ተኩል ይጀመርና 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይብቃ። ሙስሊሞቹ ለዙሁር ይደርሳሉ፣ አዛውንቱም ከቀትሩ ፀሐይ ያመልጣሉ። ሙስሊም ቤተሰቦችን በደብዳቤ ብቻ አትጥሩ። አንድ ሽማግሌ ቤታቸው ሄዶ የወገናቸው ስም እንዴት እንደሚጠራ ጠይቆ ይምጣ፤ በሶማልኛም በኦሮምኛም በሐረሪም ትክክለኛው አጠራር ይለማመድ። የእነርሱ ሟቾች በፍትሐቱ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም፣ በአዳራሹ ዝርዝር ግን ከሌሎቹ ጋር በፊደል ተራ ይነበባሉ። በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጎን ቆመው ጣልያንን የተዋጉት ዑመር ሰመተር ሶማሌና ሙስሊም ነበሩ፤ የምሥራቁ ታሪክ ያለ እነርሱ አይነገርም።

ለአካባቢው ታሪክ አንባቢ አንድ ቀን ላስታውስ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ድሬዳዋ ገባ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጅጅጋ አጠገብ ያለውን የማርዳን በር (የተራራ መተላለፊያ) ሰብረው ሐረር የደረሱት ደግሞ የናይጄሪያ ወታደሮች ናቸው። ሐረር ባለው የኮመንዌልዝ የጦር መካነ መቃብር በዚያ ዘመቻ የወደቁ ሰዎች ተቀብረዋል። ከሩቅ መጥተው እዚህ የቀሩ የሰው ልጆች ናቸውና በአዳራሹ ጸሎት ቢታሰቡ፣ ሲቻልም በዚያው ሳምንት ጥቂት ሰዎች ሄደው አበባ ቢያኖሩ የሚገባ ነው።

ደፍሬ የምለው ሌላም አለ። የ1879ኙን የጨለንቆን ጦርነት በዚህ መርሐ ግብር ውስጥ በድል አድራጊነት አታንሡ። ለብዙ ሐረሪና ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን እሱ የሐዘን ቀን ነው። የራሳችንን ሟቾች እንድናስብ የሚፈቅድልን ክርስትና የጎረቤታችንንም ሐዘን እንድናከብር ያዝዘናል። ዳዊት ሲያሳድደው ለኖረው ለሳኦል እንኳ አልቅሷል፣ የቀበሩትንም የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ባርኳቸዋል።

ሰንበቴ ዘከዚራ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከጠበቅነው በላይ ነው። ስሞቹን በዕብነ በረድ አስቀርጸን በዕለቱ ልንመርቅ የሚል ሐሳብም ነበረን። ይደርሳል?

የታሪክ መዝገብ

አታድርጉት፣ ለዘንድሮ። በዕለቱ ስሞቹ ሲነበቡ አዳራሹ ውስጥ «የእኔ አባት ቀርቷል»፣ «አያቴ በዚህ ስም አይጠሩም» የሚል ሰው መነሣቱ አይቀርም። ዘንድሮ በወረቀት ታትሞ ይለጠፍ፣ አጠገቡ እርማት የሚጻፍበት ደብተርና እስክርቢቶ ይቀመጥ፣ አንድ የሚያስተናግድ ሰውም ይመደብ። ዓመት ሙሉ አርሙት፣ ለ2019 ይቀረጽ። ለዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ነውና 27 ከበዓሉ በሦስተኛው ቀን ረቡዕ ይውላል፤ ክፍለ ሀገር የሚሄደው ሰው ስለሚበዛ ምረቃውን ወደ ግንቦት ብትገፉት ይሻላል።

ሲቀረጽ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ አስቀድመው በአንድ መንገድ ይወሰኑ፤ «ኃይሉ» አንድ ቦታ «ሀይሉ» ሌላ ቦታ ከተጻፈ ቤተሰብ ፈልጎ አያገኘውም። ተራው በፊደል እንጂ በማዕረግ አይሁን። ፊደሉ በጥልቀት ይፈልፈል፤ በቀለም ብቻ የተጻፈውን የድሬ ፀሐይ ቶሎ ያጠፋዋል። ከታች ቢያንስ የአሥራ አምስት ስም ባዶ ቦታ ይተው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ የሚተከል ከሆነ ከሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ሙስሊሞቹም የሚገኙበት ሰሌዳ ግን ሁሉም ገብቶ ሊያየው የሚችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ዕድሩ ግቢ፣ ቢሆን ይመረጣል።

መሪጌታ ዘድሬ

በዚህ እስማማለሁ። ለዘንድሮው የክርስትና ስሞቹን ዝርዝር በሁለት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ በመቅደስ ይቆይ፣ ሁለተኛው በማኅበሩ ሙዳየ ምጽዋት አጠገብ ይቀመጥና በየወሩ ሰንበቴ ሲጠጣ ይነበብ።