ለሂንዱ ሕሙማን የመጨረሻ ቀናት፦ የጋራ ረቂቃችን ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ እንደምን አመሻችሁ። በ2021 ቆጠራ ለንደን ሐሮው ውስጥ ከ4 ሰው 1 ሂንዱ ነው፤ ብዙዎቻችንም የምንሠራው እዚያው አካባቢ ነው። የእንክብካቤ መመሪያው ረቂቅ ዓርብ ይገባል። አንቀጽ 1 «የሃይማኖት ምልክቶች ይከበሩ» ይላል። ይበቃል?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦ ኧረ አይበቃም! እንዲህ የተጻፈን ማንም አንብቦ ያልፈዋል። በአንድ ወቅት የሥራ ባልደረባችን ሳታውቅ የአንድ አባትን ክር ለገላ እጥበት ብላ በመቀስ ቆረጠችው። ልጃቸው ሲገባ ክሩን ከጓንት ጋር ቆሻሻ ውስጥ አየው። ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ጎን የሚወርደው ያ የተቀደሰ ክር ጃኔው ይባላል። እጄ ሳላስበው ወደ ማዕተቤ ሄደ። «ጃኔውም ሆነ የባለትዳር ሴት ማንጋልሱትራ (የጋብቻ ሐብል) ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አይቆረጥም፣ አይወልቅም፤ ከሞት በኋላም» ተብሎ ይጻፍ።

ተንከባካቢ፦ ውሃውንም ጨምሩልኝ፣ ሲስተር። ቤተሰብ ቅዱስ የሚሉትን የጋንጅስ ወንዝ ውሃ በትንሽ ጠርሙስ፣ ከቱልሲ ቅጠል ጋር ይዞ ይመጣል (ቱልሲ የበሶብላችን ዘመድ ናት)። አልጋው ራስጌ ግን «በአፍ ምንም አይሰጥ» ተለጥፏል። ከንፈር በስፖንጅ ማራስ እኮ ይቻላል፤ ጠበል ለምናውቅ ሰዎች ይኼ ይጠፋናል?

ፋርማሲስት፦ ከእኔ በኩል ሁለት ነገር። የእንክብል ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእንስሳት የሚወጣ ጄላቲን ነው፤ ሥጋ የማይበላ ሰው ይጠየቅ። ደግሞ አንዳንዱ በንቁ አእምሮ የአምላኩን ስም እየጠራ መሞት ስለሚፈልግ ሞርፊን (የሚያፈዝ የሕመም ማስታገሻ) ይቀነስልኝ ይላል። ይህ ገና መናገር ሳይሳነው ከራሱ አንደበት ይመዝገብ።

ሰብሳቢ፦ አደራ፣ «ሂንዱ ሁሉ እንዲህ ነው» እንዳይመስል። እኔ ያስታመምኳቸው አንድ አዛውንት ከጸሎቱ ይልቅ ክሪኬት ክፈቱልኝ ነበር የሚሉት። አንቀጽ 1 ጥያቄ ይሁን፦ «ምን እንድናደርግልዎ ይፈልጋሉ?»

ጸሐፊ፦ ተስማምቻለሁ። በመጨረሻው ሰዓት መሬት ላይ መተኛት የሚፈልጉትስ?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦ እስከ ወለል ዝቅ የሚል አልጋ አለ። ማታ ማታ ግን መጋዘን ተቆልፎበት ነው የሚያድረው፤ ቁልፉ ተረኛዋ ዘንድ ይሁን።

ሰብሳቢ፦ ቤተሰቦች አስከሬን የማቃጠሉን ሥርዓት ቶሎ ማድረስ ይሻሉ። ከመስከረም 2024 ወዲህ ግን ወደ ኮሮነር (አጠራጣሪ ሞትን ወደሚመረምረው ባለሥልጣን) ያልተመራ ሞት ሁሉ በሜዲካል ኤግዛሚነር (የሞት ምክንያትን በሚያጣራ ሐኪም) ይታያል። እንዳይዘገይ ሕመምተኛው ሲደክም የኤግዛሚነሩ ቢሮ ቀድሞ ይነገረው። ይህን አንቀጽ 4 ላይ እኔ እጽፋለሁ። ጉጅራቲ (የሕንድ ቋንቋ) የሚችል አስተርጓሚ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።