«ሲስተም የለም» ላለማለት ሐዋሳ ላይ ምን ይገዛ? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ፋርማሲ አለኝ። ሦስት ዴስክቶፕ፣ አንድ ሌዘር ፕሪንተርና ራውተር አሉ። ክምችቱም፣ የመድኃኒቶቹ ማብቂያ ቀንም ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ ሽያጭ ይቆማል። ጄነሬተር ልግዛ? የሞከራችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ በጄነሬተር አትጀምሪ። እኔ ፒያሳ አካባቢ የአንድ ጅምላ መደብር ሒሳብ እይዛለሁ፤ እኛ በእሱ ጀምረን ተጸጽተናል። ጄነሬተሩ እስኪነሳ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። አንድ ቀን ሽያጭ እየተመዘገበ መብራት ሄደና የዳታቤዙ ፋይል ተበላሸ፤ የሁለት ቀን ሽያጭ ከደረሰኝ ቅጂ እየለቀምን እንደገና አስገባን። ደንበኛ «ሲስተም የለም» ሲባል የሚታገሠው ለባንክ ብቻ ነው፤ ከኛ ሁለት ሱቅ አልፎ ይገዛል። የኢንሱሊን ፍሪጅ ካለሽ ግን ሌላ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት ስላለበት፣ ለረጅም መጥፋት ጄነሬተሩ ለእሱ ይሁን።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ወዲያው በባትሪው የሚተካ ሳጥን)፦ ባለ 650 ቪኤ (ቪኤ የአቅሙ መለኪያ ነው) አንዱን ዴስክቶፕ ለደቂቃዎች ይይዛል፤ ሥራ ለመጨረስና በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ቀን ለመዋል አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር በፍጹም አትሰኪበት፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ይጥለዋል። ባትሪ ስትቀይሪ የተመረተበትን ቀን እይ። ለእኛ «አዲስ» ተብሎ የተሸጠልን መደርደሪያ ላይ የከረመ ሆኖ ወራት እንኳ አልቆየም። (የሱቁን ስም ይቅር።)

ኢንቨርተር (የትልቅ ባትሪን ኃይል ወደ መደበኛ መብራት የሚቀይር መሣሪያ)፦ የኔ ምርጫ ይኸው ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ 2,400 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል 1,200። ሦስቱ ዴስክቶፖች ከነስክሪናቸው 360 ዋት ገደማ ቢወስዱ ወደ 3 ሰዓት ትሠሪያለሽ። በእያንዳንዳቸው ምትክ 40 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ብታደርጊ ያው ባትሪ ከ8 ሰዓት በላይ ያውልሻል፤ ላፕቶፕ ደግሞ የራሱ ባትሪ አለው። ስለዚህ ትልቅ ባትሪ ከመግዛትሽ በፊት ፍጆታውን ቀንሺ። ሊቲየም ባትሪ ይወደዳል፣ ግን 80 ከመቶውን ብትጠቀሚውም አይጎዳም። ስትገዢ ኮምፒውተር ሰክተሽ፣ ዋናውን መብራት ነቅለሽ ሞክሪው፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ከተነሳ አትውሰጂው። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሌለው መጋዘን አይቀመጥ።

ኢንተርኔት፦ መስመሩ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ተጠባባቂው ሲም ከሳፋሪኮም ይሁን፣ ወይም በተቃራኒው። ሁለት ሲም ከአንድ ድርጅት መያዝ ትርፍ መስመር አይባልም።

ሌላ መልስ፦ በዚህ ሁሉ ባክአፕ (የዳታው ትርፍ ቅጂ) ተረሳ! ማታ ማታ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ገልብጪ፣ ዲስኩንም ቤትሽ ውሰጂው። በወር አንዴ ደግሞ ከፍተሽ ዳታው ከቅጂው መመለሱን አረጋግጪ። አንድ ሻጭ «99 ከመቶ አስተማማኝ ነው» ቢልሽም አስልተሽ ተቀበይ፤ የቀረው 1 ከመቶ መቋረጥ ማለት በዓመት 3 ቀን ተኩል ገደማ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን ዴስክቶፕ በላፕቶፕ እለውጣለሁ፣ ኢንቨርተሩን ከዚያ በኋላ አያለሁ። ፕሪንተሩን ግን አሁኑኑ ነቀልኩት፤ ለካ ዩፒኤሱ የሚጮኸው ለዚህ ነበር።