ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ዋየርለስ ሜካኒካል ኪቦርድ፣ በትንሽ ብር የቱ ይሻላል?

ኪቶ_ሰፈር፦
ሰላም ናችሁ፣ ጅማ ነኝ። የላፕቶፔ ስፔስና ሁለት ሶስት ፊደሎች አልሰራ ስላሉኝ ኪቦርድ ልገዛ ነው፣ ካወጣሁ አይቀር ደሞ ሜካኒካል (እያንዳንዱ ቁልፍ ከስሩ የራሱ ስዊች ያለው) ይሁን ብዬ። ካምፓስም ካፌም ይዤው ስለምዞር ትንሽ ቢሆን፣ ብሉቱዝ ኖሮት ከስልኬም ጋር ቢሰራ፣ ዶርም ውስጥ ሰው ባይቀሰቅስ። ኮድም አማርኛም እጽፋለሁ። መርካቶ (የኛው የጅማው) አንድ ሱቅ "ሜካኒካል ነው" ብለው ቀስተ ደመና የሚያበራ አሳዩኝ፣ ዋጋው ግን በጣም ስለረከሰብኝ ተጠራጠርኩ። ምን ትላላችሁ?

የማታ_ሺፍት፦
መጠርጠርህስ ደግ ነው። መብራት ስላለው ሜካኒካል አይሆንም፣ "ጌሚንግ" እየተባለ ከሚሸጠው ርካሽ ኪቦርድ ብዙው ከስሩ ላስቲክ ነው። ባለሱቁን አስፈቅደህ አንዷን ቁልፍ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ንቀላትና ከስሯ እይ፣ ለብቻዋ የተሰካች ትንሽ ሳጥን፣ መሃሏ ላይ የመደመር ምልክት ያላት፣ ብዙ ጊዜም የስዊቹ ስም የተጻፈባት ከሆነች ሜካኒካል ነው። መደመሯ ብቻ ግን እንዳትሸውድህ፣ የላስቲኮቹም አንዳንዶቹ አላቸው፣ ዋናው ሳጥኗ ናት። ከሌለች መልሰህ ግጠምና ውጣ።

ሞዴል ካልከኝ ሮያል ክሉጅ (ባጭሩ አርኬ) የሚባለው ብራንድ። አርኬ 61 ሁሉም የሚያወራለት ነው ግን ለኮድ አልመክርህም፣ ቀስቶቹን ኤፍኤን ተጭነህ ነው የምታገኛቸው፣ ኤፍ 5 ምናምን ለማለትም እንደዛው፣ ጣትህ ሁሌ እዛ ቁልፍ ላይ ተቸንክሮ ሊውል ነው። አርኬ 68 በስፋት ብዙም አይበልጠውም፣ ቀስት ግን ለብቻው አለው። ስዊቹን (ዓይነቱ በቀለም ነው የሚለየው) ቀይ ወይ ቡናማ አድርገው፣ ሰማያዊው ቀጭ ቀጭ ሲል እንኳን ዶርም ካፌ ውስጥም ያስገላምጥሃል። ቀዩም ቢሆን ዝም አይልም፣ ደብድበህ የምትጽፍ ከሆንክ ይሰማል።

ቡና_ጠጪው፦
እኔ የምለው ሜካኒካል የግድ ነው ወይ? ሎጂቴክ ኬ380 ሜካኒካል አይደለም ግን ድምፁ የለም፣ ቀላል ነው፣ ሶስት ዕቃ ላይ ይገናኛል፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ወራት ሙሉ ይሄዳል፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ አያገባህም። ፎርጂድ ግን ስለሚኖር እያየህ። ብሩ ከወረደ በኋላ እኮ 50 ዶላር የነበረ ዕቃ ድሮ የምናውቀው ዋጋ አይደለም ወገን።

የማታ_ሺፍት፦
@ቡና_ጠጪው ልጁ ሜካኒካል እኮ ነው ያለው 😄 ደሞ ሆትስዋፕ (ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል) ያለውን ከገዛ አንድ ስዊች ስትበላሽ እሷን ብቻ ነቅሎ ይቀይራል፣ ያንተው አንድ ቁልፍ ከሞተ ሙሉው አለቀለት። ሆትስዋፕ ግን ሁሉም ላይ የለም፣ ካርቶኑ ላይ ካልተጻፈ የለውም በል።

ሶልደር_እና_ሽቦ፦
ጥገና ላይ ስለሆንኩ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ላፕቶፑ ላይ ያሉት ፊደሎች ዝም ነው ያሉት ወይስ ሳትነካቸው ራሳቸው የሚጽፉ አሉ? ራሷ የምትጽፍ ካለች አዲስ ኪቦርድ ብታመጣም አታርፍም፣ የውስጡን ከዲቫይስ ማናጀር ማጥፋት ወይ ኬብሉን ማስነቀል አለብህ። ሁለተኛ፣ ብሉቱዝ ብቻ ያለው እንዳትገዛ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ለመግባት ወይ ዊንዶውስ ለመጫን ብሉቱዝ አይሰራልህም፣ በኬብል ወይ በዶንግልም (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ) የሚሰራ ይሁን። የኪቦርዱን መብራት አጥፍተህ ተጠቀም፣ ባትሪውን የሚበላው እሱ ነው። አማርኛው አያሳስብህ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው፣ ኪማን የሚባለውን የአማርኛ መጻፊያ ጫንበት።

ኪቶ_ሰፈር፦
ተባረኩ። ኧረ አንዷ ራሷ ትጽፋለች፣ ኤም ናት፣ ፓስወርድ ሳስገባ ሁሌ ታበላሽብኛለች። ነገ ሱቁ ሄጄ እነቅላታለሁ (የሱቁን ማለቴ ነው)። ላስቲክ ከሆነ አርኬ 68 ቀዩን ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፣ በአውቶቡስ አስልኮ የሚያውቅ ካለ በውስጥ ያናግረኝ።