የሚጥለው የቆላ አየር ነው ወይስ ትንኝ? ለአጨዳ ወደ ቀወት ለሚወርዱ

መንዜው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማሽላው ሊደርስ ነው፤ ከመንዝና ከጣርማበር ብዙ ወጣት ለቀን ሥራ ወደ ቀወት ቆላ፣ ሸዋሮቢት ዙሪያ ይወርዳል። ሽማግሌዎች ሲመክሯቸው «ሲመሽ ከወንዝ ዳር የሚነሣውን አየር አትሳቡ፣ አፍንጫችሁን በጋቢ ሸፍኑ፣ ነጭ ሽንኩርት ከኪሳችሁ አይጥፋ» ይላሉ። ንዳድ (ወባ) በትንኝ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ታዲያ ምክሩ ለምን እስከ ዛሬ ቆየ? ለሚወርደውስ ልጅ በተግባር ምን ይነገረው?

ላብራቶሪ፦
የቆየው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አባቶች ቦታውን፣ ሰዓቱንና ወቅቱን በትክክል አይተዋል፦ ቆላ፣ ውሃ ዳር፣ ከምሽት በኋላ፣ ክረምት ሲወጣ። የሳቱት ተሸካሚውን ነው። በጊዜ ገብቶ በር መዝጋት ትንኝንም ስለሚያስቀር ጠቅሟል። አፍንጫ መሸፈን ግን እግርን ከመነከስ አያድንም።

ክርክሩ አውሮፓም ውስጥ ረጅም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተውሳክ በበሽተኛ ደም ውስጥ አየ፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮስ በ1897 ህንድ ውስጥ ከትንኝ ሆድ አገኘው። በ1900 ደግሞ ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ከሮም አጠገብ፣ ኦስቲያ ረግረግ ላይ በርና መስኮቱ በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ ጎጆ ውስጥ ከረሙ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባሉ፤ ሌሊቱን ሙሉ የረግረጉን አየር ይተነፍሳሉ፤ የወባ መድኃኒቱን ኩዊኒን አይወስዱም። አልታመሙም። በዚያው ዓመት ከሮም በሽተኛ ደም የመጠጡ ትንኞች ለንደን ተልከው የሐኪሙን የማንሰንን ልጅ ነከሱት፤ ወባ ያዘው። አየሩ ያለ ትንኝ አላሳመመም፤ ትንኟ ያለ አየሩ አሳመመች። ከዚህ የጠራ ማስረጃ አላውቅም።

ኤክስቴንሽን፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ሽታን ምልክት ማድረግ ያሳስታል። የሚሸተው የቱቦ ውሃ በብዛት የሚያፈራው ሌላ ዓይነት ቢምቢ ነው። እኛ ዘንድ ዋናዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ የማይሸት፣ ያልረጋ የሚመስል ጥርት ያለ ውሃ ነው፦ የከብት ኮቴ የተወው ጉድጓድ፣ ከመስኖ ቦይ ያፈተለከ፣ ሮቢ ወንዝ ሲጎድል አሸዋ ላይ የቀረ ኩሬ። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፦ እጩ (ገና ክንፍ ያላወጣው የትንኝ ልጅ) ከውሃው ገጽ ጋር ተጋድሞ ከተንሳፈፈ የወባ ነው፤ ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ የሌላ ነው። ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሁለት ሳምንት ስለሚበቃት፣ ማፋሰሱና መድፈኑ በየሳምንቱ ካልሆነ ድካም ብቻ ነው።

ለሠራተኛው ዋናው አጎበር ነው። አዲሱን ከላስቲኩ አውጥቶ አንድ ቀን ጥላ ላይ ማናፈስ፤ አለዚያ ፊት ያቃጥላል፣ ሰውም ይጠላውና ይጥለዋል። ዳስ ውስጥ የሚተኛ አራት እንጨት ተክሎ አራቱን ማዕዘን ይሰር፤ ጫፉን ከሰሌኑ ሥር ዙሪያውን ይጠቅጥቅ። አጎበሩ ከገላ ጋር ከተጣበቀ ትንኟ በላዩ ትነክሳለች፤ ስለዚህ ወጠር ይበል። ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና፣ ቢበዛ በሦስት ወር አንዴ፤ በረኪና የለም፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት የለም፣ ወንዝ ውስጥ ማጠብም የለም፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላል። አጎበር ነዶ ማሰሪያ ሲሆን ማየት ያናድዳል።

ላብራቶሪ፦
ከተነከሱ በኋላ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ስለዚህ ልጁ ሥራውን ጨርሶ መንዝ ከገባ በኋላ ይወድቃል። ያኔ «ብርድ መታው» ወይም ከንፈሩ ቆስሎ ከታየ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። የወባ ትኩሳትም ከንፈር ያቆስላል! ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ የወባ ዓይነት ከሆነ በዚያ በሚባክነው ሁለት ሦስት ቀን ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ዳማከሴውን አትከልክሉ፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ደሙ ይታይ፤ «ቆላ ነበርኩ» ብሎም ይናገር። መዘባረቅ፣ መንዘፍዘፍ፣ ጥቁር ሽንት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከታየ ጤና ኬላ ሳይሉ በቀጥታ ሆስፒታል። ቫይቫክስ የተባለው ሌላው የወባ ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኩን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አይገባም።

መንዜው፦
እግዜር ይስጥልን። እንግዲህ ደጋ ላይስ «ነፋስ ይመታል» ብሎ መስኮት መድፈን ትርጉም የለውም ማለት ነው?

ኤክስቴንሽን፦
እንዲያውም ይጎዳል። አየር በእርግጥ የሚያስተላልፈው በሽታ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ አንዱ ነው። የሚከማቸው ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፤ ውጭ ያለው ነፋስ ይበትነዋል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ቢከብድም ቀን ቀን በርና ትይዩ መስኮት አብረው ይከፈቱ፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ አያልፍም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው አክታውን ያስመርምር፤ እስኪታወቅ ድረስ ከሕፃናት ተለይቶ ይተኛ።