አስቸኳይ፦ ለጣሪያ የቱን ፎይል ልግዛ? ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው

የጎላዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ መርካቶ ነኝ። ቤታችን ከጎላ ሚካኤል ወረድ ብሎ ነው። ኮርኒሳችን ያንጠባጥባል። ሌሊት እናቴ አልጋ ላይ ወርዶ ብርድ ልብሷ በስብሶ አደረ። ቀን ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ሌሊት ብርዱ አያስተኛም። ጎረቤታችን «ፎይል አልብሱት» ስላለን መጣሁ። ሻጩ ሦስት ዓይነት አወጣልኝ። አንዱ ስፖንጅ የተለጠፈበት ነው። አንዱ ፊኛ ፊኛ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ በሁለቱም በኩል ያብረቀርቃል። ሌላው እንደ ማዳበሪያ የተሸመነ ብርማ ነገር ነው፣ ከሁሉም ይረክሳል። ወንድሜ ደግሞ በስልክ «የምግብ ፎይል ገዝተን ለምን አንለጥፍም» ይለኛል። የቱ ይሻላል? ሰውየው 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ቀልዱን ተው
በጾም ቤቱን ሙሉ በፎይል ጠቅልላችሁ ዓሣ ልትጠብሱ ነው? ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ደግሞ እዚህ ይጀመራል አሁን።

ባለ ሬንጅ
እህቴ፣ ያ ፍሳሽ ነው። ፎይል ምንም አያደርግልሽም። ጣሪያ ላይ ሰው አውጪና የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ አስደፍኚ። አለቀ።

የጎላዋ
ታኅሣሥ ላይ እኮ ነን! ዝናቡ የት አለና ነው የሚያፈሰው? ጠዋት ጠዋት ነው የሚንጠባጠበው።

ሲቪል 12
ጥሩ፣ እንግዲህ ከመሠረቱ እንነሳ። ሙቀት በሦስት መንገድ ይጓዛል። በንክኪ፣ በአየር እንቅስቃሴና በጨረር። ፎይል የሚሠራው በሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም የሚመታውን የጨረር ሙቀት 95 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በሌላ በኩል እሱ ራሱ ሲሞቅ ሙቀቱን በጨረር መልቀቅ አይወድም። ስለዚህ የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ቢዞር ይሠራል፣ ግን ፊት ለፊቱ ባዶ አየር ሊኖር ግድ ነው፣ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር። ከቆርቆሮው ጋር ካጣበቃችሁት አልሙኒየም ምንድን ነው? ብረት ነው። ሙቀቱን ተቀብሎ ያሳልፋል። ወደ ላይ የዞረ ፊት ደግሞ አቧራ ይጠጣል፣ እየቆየ ማብረቁ ይቀንሳል። ወደ ታች ቢዞር ይሻላል።

የምግብ ፎይልን በተመለከተ፣ አንዱ ፊቱ ደብዘዝ ያለው በፋብሪካ መጨረሻ ላይ ሁለት ሁለቱ ተደርበው ስለሚዳመጡ ነው። ለሙቀት ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ችግሩ ስስነቱ ነው፣ 0.02 ሚሊ ሜትር አይሞላም። አናጢው መዶሻ ሲያነሳ ይቀደዳል።

አሁን ወደ ጤዛው ስንመጣ...

ቀልዱን ተው
ሲቪል፣ ሱቁ ይዘጋል ተብሎ ተጽፏል እኮ። እጥር ምጥን አድርገው!

ጋሽ አናጢ
ልጄ፣ ከመግዛትሽ በፊት ይሄን መልሽልኝ። ከኮርኒሱ በላይ አየር የሚወጣበት አለ? ቤት ውስጥ ምን ታበስላላችሁ? ኮርኒሱስ ምንድን ነው፣ አቡጀዲ ነው፣ ማዳበሪያ ነው ወይስ ችፑድ?

የጎላዋ
ጋሼ፣ ችፑድ ነው። ቆርቆሮው የድሮ ነው። ክረምት ላይ ነፋስና አይጥ አላስቀምጥ ስላለን በግድግዳውና በቆርቆሮው መሀል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ጠቅጥቀን ዘጋነው። ምጣዱ የእናቴ አልጋ ካለበት ክፍል ጋር ነው፣ በመጋረጃ ብቻ ነው የተለየው። አርብ አርብ እንጋግራለን። ግን ይሄ ከፎይሉ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጋሽ አናጢ
ሁሉን ያገናኘዋል እንጂ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ትናንት ጋግራችኋል። የእንጀራው እንፋሎት በችፑዱ መጋጠሚያ ሾልኮ ወጣ። መውጫውን ዘግታችሁበታል። ሌሊት ቆርቆሮው ሲበርድ ከሥሩ ውሃ ሆነ፣ ጎሕ ሲቀድ ተንጠባጠበ። ጣሪያችሁ አላበ እንጂ አላፈሰሰም። ዛሬውኑ ጨርቁን አውጡት። ለአይጡ የወንፊት ሽቦ አስመቱበት፣ አየር ያሳልፋል፣ አይጥ አያሳልፍም። ሲጋገር መስኮትና በር ይከፈት። ከተቻለ ምጣዱ ወደ ደጅ ይውጣ። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሲቪል 12
ልለው የነበረው ይሄንኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በጋ ላይ ሰማዩ ሌሊት ጥርት ይላል። ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይበርዳል። ለዚህ ነው ደመና ባለበት ሌሊት የማያልበው፣ ጥርት ባለ ሌሊት የሚያልበው።

ብርዱ ገደለኝ
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ፎይል ለአፋር፣ ለድሬዳዋ ይሁን። እኛን የሚገድለን የሌሊቱ ብርድ ነው። በብርድ አገር ሙቀት የሚመልስ ነገር ገዝቶ መለጠፍ ገንዘብ መጣል አይደለም? የባለ ሱቅ ወሬ ነው።

ሲቪል 12
ግማሹ ትክክል ነው። ቀን ላይ ከቆርቆሮው ወደ ታች የሚመጣው ሙቀት በአብዛኛው ጨረር ስለሆነ ፎይል አሳምሮ ይይዘዋል። ሌሊት ግን የሞቀው አየር ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ሙቀቱን ይሸከማል። ያንን ፎይል ብቻውን አያቆምም። ሌሊቱን የሚያግዘው ወፍራም ነገር ነው፣ ስፖንጁ ወይም ስታይሮፎሙ። ግን ለጠያቂዋ ቀን ላይም ሙቀት አለባት፣ ጽፋዋለች። «ገንዘብ መጣል» አይባልም።

ብርዱ ገደለኝ
እሺ፣ ታዲያ ለሌሊቱ ስታይሮፎም ይገዛል በል እንጂ ለምን ፎይል ፎይል ትላላችሁ?

ባለ ሬንጅ
ሬንጅ አድርጉበት ብያለሁ። የኔን ቤት ሬንጅ ነው ያዳነው።

የስድስት ኪሎዋ
የመብራት ሥራ ነው የምሠራው። አንድ ነገር ልበል፣ ማንም አላነሳውም። የድሮ ቤት ኮርኒስ ላይ የመብራት ሽቦ እንዲሁ ተዘርግቶ ነው ያለው። መጋጠሚያው በፕላስተር የተጠቀለለ ብቻ ነው። ፎይል ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አናጢው በስቴፕለር ሲመታ ሽቦውን ከነካ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አውስትራሊያ ውስጥ መንግሥት የቤት ጣሪያ ሲያለብስ እንዲህ ነው የሆነው። በፈረንጆች 2009 እና 2010 ወጣት ሠራተኞች ፎይሉን ሲመቱ በኤሌክትሪክ ሞተው መንግሥት ፎይሉን አስቆመው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከቆጣሪው አጥፉ። ማጥፋት ማለት የክፍሉን ማብሪያ ማጥፋት አይደለም። ኮርኒሱ አንዴ ከተነሳ ደግሞ ሽቦዎቹን በቱቦ አስገቡ፣ ዕድሉ ሌላ ጊዜ አይገኝም።

ስፖንጁም ፊኛውም ፕላስቲክ ነው፣ ይቀጣጠላል። ከሰል ምድጃ በላይ አታድርጉት።

ቀልዱን ተው
ፎይል ከለበሰ በኋላ ስልክ ለማናገር ደጅ መውጣት ነው።

የስድስት ኪሎዋ
ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆነህ ኔትወርክ አለኝ ነው የምትለው?

የጎላዋ
ሰውየው ብረቱን ሊያወርድ ነው። ጨርቁን ዛሬ እናወጣለን። ግን አሁን የቱን ልያዝ? ጣሪያ መክፈት አንችልም፣ ከሥር ብቻ ነው መሥራት የምንችለው።

ጋሽ አናጢ
ከሥር ከሆነ ስፖንጅ ያለውን ያዢ። በአልጋው በኩል ያለውን ችፑድ አውርዱ። ስፖንጁን ከሞራሌው ሥር ወጥራችሁ ምቱ፣ ብርማው ፊት ወደ ላይ፣ ወደ ቆርቆሮው። ሲቪል አቧራ ይጠጣል ብሎሻል፣ እውነቱን ነው። ግን ወደ ታች ካዞርሽው ከችፑዱ ጋር ይጣበቅና ፊት ለፊቱ አየር የለውም። በሁለቱም በኩል ብርማ የሆነ ካለው እሱን ውሰጂ። በቆርቆሮውና በስፖንጁ መሀል የሞራሌው ውፍረት ያህል አየር ይቀራል፣ እሱን እንዳትሞሉት። መጋጠሚያውን በብርማ ፕላስተር አሽጉ። ይሄን አትዝለሉት፤ እንፋሎት በቀጭን ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ችፑዱን መልሱት።

የተሸመነው መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ጠንካራ ነው። ቦታው ግን ሌላ ነው። ቆርቆሮ ሲቀየር ከማገሩ በላይ ይነጠፋል። የላይኛው በታችኛው ላይ አንድ ስንዝር ይደረባል፣ ከላይ የሚንጠባጠበው በላዩ ተንሸራትቶ በክፈፉ በኩል ደጅ ይወርዳል። ጣሪያ ለማትከፍተው ለእናንተ ዛሬ አይሆንም።

የጎላዋ
ፊኛ ያለውስ? ሻጩ «ከሁሉም እሱ ነው፣ የውጭ ነው» እያለ ነው።

ሲቪል 12
የውጭ ያልሆነውን ያሳይሽ። ፊኛው 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ብቻውን የሚይዘው ሙቀት ትንሽ ነው። የሚሠራው ብርማ ፊቱ ነው፣ ብርማ ፊት ደግሞ ስፖንጁም አለው። የ10 ሚሊ ስፖንጅ ከ5 ሚሊው እጥፍ ይይዛል፣ ገንዘብሽን እዚያ ላይ አውጪ።

ቀልዱን ተው
አንድ ጊዜ ቁም ነገር ልናገር፣ አትደንግጡ። ቁራጩን ወደ አምፖል ወይም ወደ ፀሐይ አንስተሽ እዪበት። እውነተኛ አልሙኒየም ከሆነ ብርሃን አያሳልፍም። ብርሃኑ ደብዝዞ ከታየሽ ፕላስቲክ ላይ የተረጨ ብርማ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይላጣል። በጥፍርሽም ጫሪው። የመኪናዬን የመስታወት መከለያ በዚሁ ነው ያወቅሁት፣ ወር ሳይሞላው ጥቁር ሆነ። በሉ ወደ ቀልዴ ልመለስ።

የጎላዋ
ስፖንጁ ብርሃን አያሳልፍም። ፊኛው ያሳልፋል!! ስለ ውፍረቱ ስጠይቀው «ወፍራም ነው» ነው የሚለኝ። ማስመሪያ የለኝም።

ሲቪል 12
የአንድ ብር ሳንቲም አለሽ? አምስት ስድስቱን ደራርበሽ ጎን ለጎን አስተያዪው፤ 10 ሚሊ ሊጠጋ ይገባል። ስፖንጁን በጣትሽ ተጭነሽ ልቀቂው። ቶሎ ካልተመለሰ ተዪው።

ቀልዱን ተው
በዚህ ዘመን ሳንቲም ይዞ የሚዞር ሰው? ከታክሲ ረዳት ተበደሪ።

ወረዳ ያለፈበት
ቤቱ የቀበሌ ነው የግል? የቀበሌ ከሆነ ኮርኒስ ከመንካታችሁ በፊት ለወረዳው አሳውቁና በጽሑፍ ያዙ። አጎቴ ሳያሳውቅ ጠግኖ «ማን ፈቀደልህ» ተብሎ ስንት ተመላልሷል። ሌላው ደግሞ፣ አካባቢያችሁ ለኮሪደር ልማት ይነሳል እየተባለ ከሆነ ትልቅ ወጪ አታውጡ። ያኔ ተነቅሎ አብሯችሁ የሚሄድ ነገር ግዙ። በሙጫ ሳይሆን በትንንሽ ሚስማርና በጣውላ ጠርዝ አስመቱት።

ባለ ሬንጅ
የግልም ይሁን የቀበሌ ሬንጅ...

የስድስት ኪሎዋ
ሬንጁን ሰምተናል ወንድሜ። ቆርቆሮው ከሥር ሲያልብ ከላይ ሬንጅ ብትቀባው ምን ይጠቅማል?

ባለ ሬንጅ
ነሐሴ ላይ ትጠሩኛላችሁ።

ጋሽ አናጢ
እሱስ እውነት አለው፣ የድሮ ቆርቆሮ ከሆነ ሁለቱም ችግር ሊኖር ይችላል። ችፑዱ ሲወርድ በቀን ብርሃን ቆርቆሮውን ከሥር እዪው። ብርሃን በቀዳዳ ከገባ ያ የባለ ሬንጅ ሥራ ነው። የሚስማሩ ዙሪያ ዝጎ ከሆነም እንደዚያው። ሞራሌው ላይ ግን እዚህም እዚያም ጥቁር ሻጋታ ካለ እንፋሎት ነው።

ብርዱ ገደለኝ
@የጎላዋ ታዲያ የቱን ገዛሽ?

ሲቪል 12
ሱቁ ተዘግቶባት ይሆናል።

ባለ ኮንቴይነር
ይቅርታ ጥያቄ ልደርብ። ለገሃር አካባቢ የኮንቴይነር ሱቅ አለኝ፣ ቀን ቀን መቆም አልተቻለም። ከውጭ ነው ፎይል የሚለጠፈው ከውስጥ?

ሲቪል 12
ከውጭ ፎይል አትለጥፍ፣ በነፋስና በዝናብ አይቆይም፣ ነጸብራቁም ጎረቤት ያጣላል። ጣራውን ነጭ ቀለም ቀባው። ከውስጥ ጣውላ መትተህ ከብረቱ 2 ሳንቲ ሜትር አርቀህ ፎይሉን ወጥር። ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ተውለት።

ባለ ኮንቴይነር
ነጭ ቀለሙ ዘይት ነው ውሃ?

ቀልዱን ተው
ባለ ሬንጅን ጠይቅ።